ሞልቶ የተመለሰ ምሳ ዕቃ

የታሰርኩት ሱቅ በመዝጋት ነው። በሕይወቴ ሱቄን የዘጋሁባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ ልጄ የተወለደች ዕለት እንኳ ግማሽ በር ከፍቼ ነው የዋልኩት። በዚያ ሰሞን ግን ከተማው ግርግር ላይ ነበር፣ ነጋዴው አድማ መትቶ እየዘጋ ነው ይባልም ነበር። እኔ የዘጋሁት ጎረቤቴ አባቱ ሞተውበት ቀብር ለመሄድ ነው። ስመለስ ሁለት ፖሊሶች ሱቄ በር ላይ ቆመው ቁልፌን እያገላበጡ ያዩታል።

"ለምን ዘጋህ?" አለኝ አንደኛው።

"ለቅሶ ነበረብኝ።"

"ዛሬ የጠየቅነው ሁሉ ለቅሶ ነበረብኝ ነው የሚለው። ይሄን ሁሉ ሰው ማን ገደለው?"

መልስ ነበረኝ፤ ዋጥኩት። ሱቅ መዝጋት ካሳሰረ፣ አፍ መክፈት ምን እንደሚያመጣ ለመገመት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

በመሃል ከተማ የቤት ዕቃ ነው የምሸጠው፤ ሳህን፣ ባልዲ፣ ፔርሙዝ፣ ምሳ ዕቃ። ስለዚህ ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ መጋዘን እንደነበረ ገና ከበሩ ላይ አወቅሁ። መስኮቱ ከጣሪያው ስር ነው፤ ሰው እንዲያይበት ሳይሆን ዕቃ እንዳይሻግት የተከፈተ። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ኖራ ነው። ላብና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። እኔ በዚያ ክፍል ያን ያህል ዕቃ አልደረድርም፤ ዕቃ ይሰበራል። ሰው ግን ተደርድሯል።

የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የሚሉት፣ ድምፁ ከጉሮሮው ሳይሆን ከሆዱ የሚወጣ ወፍራም ሰውዬ ነበር። በምን እንደታሰረ ሲጠየቅ "በፌስቡክ ላይክ" ብቻ ይላል። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና "አዲስ ገቢ በር ጋ ነው የሚተኛው" አለ። በር ጋ ማለት የሽንት ባልዲው ጋ ማለት ነው።

ያኔ ከመስኮቱ ስር አንድ ወጣት ፍራሹን ሰብሰብ አደረገ። "ጋሼ፣ እዚህ ይምጡ። ለሁለት ይበቃናል። እዚህ ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ።"

ካቦው ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው። በኋላ እንደገባኝ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ያንን ልጅ የሚያስከፋ ሰው አልነበረም።

ጀልባ ነጂ ነበር። ከተማችን ዳር ባለው ሐይቅ ላይ ሰው ያዝናናል፣ ሲጠሩት ደግሞ ወዲያ ማዶ ያሻግራል። አንድ ቀን ያሻገራቸው ሰዎች የሚፈለጉ ናቸው ተባለ፤ ማንነታቸውን እያወቅህ ነው ያሻገርካቸው ብለው ያዙት። "ጋሼ፣ እኔ ሰው ጀልባ ላይ ሲወጣ የምጠይቀው ዋና ትችላለህ ወይ ብዬ ነው። ሌላ ጥያቄ የለኝም" አለኝ። ሰውነቱ ቀጭን ነው፤ ትከሻው ግን ከመቅዘፍ የተነሳ የሌላ ሰው ትከሻ ይመስላል። ሃያዎቹን ገና አልጨረሰም። አባት የለውም፤ እናቱ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች።

ከዚያ ክፍል ሐይቁ አይታይም። በመስኮቱ የሚታየው የሰማይ ቁራጭ ነው፤ አልፎ አልፎ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ የሐይቁ ዳር ትልቅ አሞራ፣ ክንፉን ዘርግቶ ቀስ ብሎ ያቋርጠዋል፣ እንደማንም መንገደኛ። ከሰዓት በኋላ ግን ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነሳል። በመጀመሪያ የሚሰማው ልጁ ነው። የምናወራውን ያቋርጥና "ነፋሱ ተነሳ" ይላል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ይነግረናል። አሁን ውኃው መሸብሸብ ጀመረ። አሁን ጀልባዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። አሁን ሴቶቹ ድስቱ ስር እሳቱን ቆሰቆሱት፣ አባ ኮዳዎቹም የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚጣልበት ቦታ ላይ እንደ ዳኛ ተሰለፉ።

አብረውን የታሰሩት ጣውላ ሻጭና አስተማሪ፣ ካቦው፣ ሁላችንም እናዳምጣለን። እውነቱን ለመናገር እኔ ሐይቁን ለዓመታት ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። የተወለድኩት አጠገቡ ነው፣ ግን ሐይቅ ደንበኛ አያመጣም። እዚያ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጬ ነው የናፈቀኝ። ሚስቴን እናፍቃለሁ፣ ልጄን እናፍቃለሁ፣ እሱ ያለ ነው። የውኃ ሽታ ይናፍቀኛል ብዬ ግን አላስብም ነበር።

አሁን ስለ ምሳ ዕቃው ልንገራችሁ።

በዚያ ሰሞን ጠያቂ ማግኘት ተከልክሏል። ምግብ ግን ይገባል። ያመጣው ሰው በሩ ላይ ፖሊሱ ፊት ይቀምሳል፤ ከዚያ በፕላስተር ስም የተለጠፈበት ምሳ ዕቃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በልተን ስንጨርስ ዕቃው ተመልሶ ይወጣል። ያመጡት ሴቶች እዚያው ከአጥሩ ውጪ ጥላ ስር ቁጭ ብለው ነው የሚጠብቁት። ቃል አይወጣም፣ ቃል አይገባም። የሚወጣው ባዶ ዕቃ ብቻ ነው። ባዶ ሆኖ ከወጣ፣ ሰውዬው አለ፣ በልቷል፣ ጥርሱም በቦታው ነው ማለት ነው።

በሰፈራችን የጎረቤት ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ትንሽ ቆሎም ቢሆን፣ ሁለት ሎሚም ቢሆን ጣል ይደረግበታል። እዚያ ግን የሰው ፊት የሚበራው በባዶው ነበር። ሚስቴ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ዕቃዬን ስትቀበል ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትነቀንቀዋለች፤ ምንም ካልተንኳኳ እየሳቀች ባጃጅ ትይዛለች።

ስለዚህ የክፍሉ አንድ ሕግ ነበር፦ ምሳ ዕቃ ሞልቶ አይመለስም። የታመመም፣ የተከፋም፣ ከምርመራ ተደብድቦ የመጣም ቢሆን የሱን ጓደኛው ይበላለታል። ቤተሰብ የሌለው አንድ ሊስትሮ አብሮን ነበር፤ የሱ ሥራ የኛን ትራፊ መጨረስ ነው። "እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ባዶ የማድረግ ክፍል" ይል ነበር።

ከዕቃዎቹ ግማሹ ከኔ ሱቅ የወጣ ነው፤ ዓይቼ አውቀዋለሁ። አንድ ወቅት ያስመጣሁት የብረት ምሳ ዕቃ ነበር፣ ክዳኑ አንዴ ከገጠመ አልከፈት የሚል። የልጁ እናት የምታመጣው ከነዚያ አንዱ ነው። በማንኪያ ጭራ እየፈለቀቅን ነው የምንከፍተው።

"አንተ ነህ የሸጥከው?" አለኝ ካቦው ላብ እያጠመቀው።

"አዎ።"

"እግዜር እኮ በከንቱ አላሳሰረህም።"

ያቺ ቀን እንደማንኛውም ቀን ነው የጀመረችው። ሻይ ጠጣን። ልጁ ከሻዩ በኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ይጫነዋል።

"ምን ሆንክ?"

"እንጃ ጋሼ። እዚህ ጋ የሆነ ነገር ተጭኖኛል።"

"ጨጓራ ነው" አለ ካቦው ሳይዞር።

በኛ አገር ከአንገት በታች ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። ክፍሉ በሙሉ ሐኪም ሆነ። አስተማሪው ተልባ ቢገኝ አለ። ጣውላ ሻጩ ደረቅ ዳቦ ይብላ አለ። እኔ ከፔርሙዜ ወተት ቀድቼ ሰጠሁት፣ "ወተት ያስታግሰዋል" ብዬ፣ እንደሚያውቅ ሰው። ሽማግሌ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሌላ ነገር እንጠረጥር ነበር። ግን ትከሻውን ያየ ሰው ያንን ልጅ ከጨጓራ በላይ ምን ይደፍረዋል?

ወተቱን አስመለሰው። ከዚያ አላበው። ክፍሉ ገና አልሞቀም፣ እሱ ግን ግንባሩ ላይ ላቡ ተንጠባጠበ፤ ስነካው ቀዝቃዛ ነው፣ ከውኃ የወጣ ዓሣ የነካሁ ያህል።

"መንጋጋዬን አመመኝ ጋሼ" አለ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። "ጨጓራና መንጋጋን ምን አገናኛቸው? ግራ እጄም ከበደኝ።"

ዕድሜዬን በሙሉ ባንኮኒ ኋላ ቆሜ ያነበብኩት መጽሐፍ የሰው ፊት ነው። ሊገዛ የመጣ ሰው ፊትና ሊሄድ የተነሳ ሰው ፊት ይለያል። ዋጋ ብትቀንስለትም፣ ወንበር ብትስብለትም፣ ሊሄድ የተነሳ ሰው ዓይኑ ካንተ በላይ አልፎ በሩን ያያል። የልጁ ዓይን በላዬ አልፎ ሄደ።

ተነስቼ በሩን ደበደብኩ።

የመጣው ተረኛ ወጣት ፖሊስ ነው። የዚያው አካባቢ ልጅ ነው፤ አንዳንዴ ከጀልባ ነጂው ጋር በሲዳምኛ ያወራሉ፣ ሲስቁም እሰማለሁ። በቀዳዳው አየን።

"ምንድን ነው ጋሼ?"

"ልጁ ታሟል። ሆስፒታል ይሂድ።"

"ምኑን ነው?"

ከኋላዬ ሁለት ሦስት ሰው ባንድ ድምፅ "ጨጓራ" አለ። ምላሳቸውን ብቆርጠው ደስ ባለኝ።

"ጨጓራ ከሆነ ያልፋል" አለ ፖሊሱ።

"ጨጓራ አይደለም። ፊቱን እየው።"

አየው። ፈራ። ግን "ጋሼ፣ ባለፈው አንዱ ሆዴን ብሎ ሄዶ በሆስፒታሉ የኋላ በር ወጣ። የሸኘው ጓደኛችን እስካሁን ታስሯል። ያለ አዛዡ ፈቃድ ማንም አይወጣም ተብሏል" አለኝ።

"አዛዡን ጥራቸው እንግዲህ።"

"ስብሰባ ናቸው።"

"የምን ስብሰባ?"

ትንሽ አመነታ። "ስለ እስረኛ አያያዝ ነው መሰለኝ።"

በሩ ተዘጋ። ዞር ስል ልጁ ጋደም ብሏል። ካቦው ራሱን ጭኑ ላይ አድርጎለት በካርቶን ቁራጭ ያራግብለታል። ማንም ጨጓራ የሚል አልነበረም።

ምሳ ገባ። ዕቃዎቹ ወለሉ ላይ ተደረደሩ። የልጁ እናት ያመጣችው ያ ብረቱ ነው፤ ክዳኑ ሳይከፈት እንኳ የተጠበሰው ዓሣ ይሸታል። ቡርሳሜም አድርጋበት ኖሯል፤ በቅቤ የታሸ ቆጮ፣ የሚወደው።

ልጁ ክንዴን ያዘኝ። "ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። የእናቴን ዕቃ ባዶ አድርጋችሁ መልሱልኝ። ሞልቶ ካየች ትሞታለች። ካመመኝ ያመመኝ እኔ ነኝ፣ እሷ ደህና ውላ ትግባ።"

ሊስትሮው ማንኪያውን አንስቶ ነበር። ሁሉም እኔን ያያል። የክፍሉ ሕግ ግልጽ ነው፤ ልጁም የጠየቀው ሕጉን ነው።

ምሳ ዕቃውን አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

"አልመልስም" አልኩ።

"ጋሼ፣ እባክዎ…"

"ልጄ፣ ዛሬ ባዶውን ብልክላት እየሳቀች ቤቷ ትሄዳለች። አንተ ታምመህ የሚያውቅ ሰው ውጪ ላይ አይኖርም። ነገ ግን ይህንን ሞልታ ስትመጣ የሚቀበላት ካጣች ምን ልበላት? ዕቃሽ ትናንት ባዶ ነበር ልበላት?"

ዓይኑ ሞላ፣ አልፈሰሰም።

"የሷ ብቻ ሞልቶ ቢወጣ" አለ አስተማሪው ቀስ ብሎ፣ "አንዲት ሴት ናት። ሂጂ ይሏታል።"

ያ እውነት ነበር። አንዲት ሴት ብቻዋን ስትጮህ እብድ ነው የምትባለው። ካቦው የልጁን ራስ ቀስ አድርጎ ፍራሹ ላይ አሳረፈና የራሱን ምሳ ዕቃ ሳበው። ሚስቱ የምትልክለት ሦስት ድርብርብ ነው፤ ያ ሰውዬ ከጠዋት ጀምሮ የሚኖረው ለሱ ነበር። የላይኛውን ክዳን አንስቶ አሸተተው። መልሶ ገጠመው። በጡጫ መታ አድርጎ አጠበቀው።

"የኔም አልተነካም" አለ።

ከዚያ ክዳን የመግጠም ድምፅ ነው የሰማሁት። አንድ ባንድ፣ ከጥግ እስከ ጥግ። ያንን ድምፅ በሱቄ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ለደንበኛ ከፍቼ ዘግቼ ሳሳይ። እንደዚያ ቀን ግን ሰምቼው አላውቅም።

"እኔስ?" አለ ሊስትሮው። "እኔ ምን ልመልስ? ዕቃ የለኝ።"

"አንተ ማንኪያህን አስቀምጥ" አለው ካቦው። "ዛሬ የመንግሥት ሥራ ዝግ ነው።"

ማንኪያውን ኪሱ ከተተ።

ፖሊሱ ዕቃዎቹን ሊሰበስብ መጣ። የመጀመሪያውን ሲያነሳ ክብደቱን አወቀ። ሁለተኛውን አነሳ። ቀና ብሎ አየን።

"ምንድን ነው ይሄ? ለምን አልበላችሁም?"

"አልቻልንም" አልኩት። "ሁላችንንም ጨጓራ ይዞናል።"

ፖሊሱ ሞኝ አልነበረም። ዕቃዎቹን አልከፈታቸውም፣ ለማንም አልጮኸም። ተሸክሟቸው ሲወጣ ግን የልጁን እናት ዕቃ ከሁሉም በላይ አደረገው። ያን ያደረገው አውቆ ይሁን እንዲሁ፣ ጠይቄው አላውቅም።

ጠበቅን። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ በአጭር በአጭሩ ይተነፍሳል። ውጪው መጀመሪያ ጸጥ አለ፤ ሴቶቹ ዕቃቸውን ሲቀበሉ፣ ሲነቀንቁ፣ ሲከፍቱ ይታየኛል። ከዚያ አንድ ድምፅ ተሰማ፣ ባለ አንድ ቃል፣ በሲዳምኛ። የልጁ ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

"እናቴ ናት" አለ።

ቀጥሎ የሰማሁትን ልገልጸው አልችልም። ከአጥሩ ውጪ የነበረው ሁሉ ባንዴ ተነሳ። በአማርኛ፣ በሲዳምኛ፣ በጉራጊኛ፣ በወላይትኛ፤ ልጄን፣ ባሌን፣ ወንድሜን ምን አደረጋችሁት። የቆርቆሮው በር እንደ ከበሮ ተመታ። መሃሉ ላይ የሚስቴን ድምፅ ለየሁት። ሚስቴ ዝምተኛ ናት፤ ደንበኛ ሲሰድበኝ እንኳ ወደ ጓዳ ነው የምትገባው። ያን ቀን "በሩን ክፈቱ! የኔ ሰው ምግብ ጥሎ አያውቅም!" ስትል ሰማኋት። እውነቷን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሆዳምነቴ ኮራሁ።

ስብሰባው ተበተነ። አዛዡ ራሱ መጣ፣ ፊቱ ቀልቷል። ገና ከበሩ ላይ "ማነው ይሄን ያስጀመረው?" አለ።

ካቦው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ "ጌታዬ፣ ክዳኑ ነው። የዚህ ሰውዬ ዕቃ አንዴ ከገጠመ አልከፈት ይላል" አለና በጣቱ ወደኔ ጠቆመ።

አዛዡ ሊቆጣ ነበር። ከዚያ ዓይኑ ፍራሹ ላይ አረፈ። ምንም ይሁን ምን ሰው ነው፤ እሱም ፊት ያነባል። "መኪና አምጡ" አለ።

ልጁ ሊነሳ ሞከረ። "በእግሬ እሄዳለሁ" አለ። አስተማሪው ከለከለው። ብርድ ልብሱን በአራት ጫፍ ይዘን አነሳነው፤ ካቦው በራስጌ፣ እኔ በግርጌ። እስከ ፒክአፑ ድረስ እንድንሸከመው ፈቀዱልን። መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ዓይኑን ገለጠ።

"ጋሼ" አለ፣ "በመረብ አወጣችሁኝ እኮ።"

ፒክአፑ ጋ ስንደርስ እናቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። አጭር ሴት ናት፣ ነጠላዋ ወድቋል፣ ምሳ ዕቃውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። አትወጪም አሏት። እሷ ግን ወጥታ ልጇ ራስጌ ተቀመጠች። ማንም አላወረዳትም።

በዚያ ቀን ሌላ ምግብ አልገባም፤ ቅጣት መሆኑ ነው። ራበን። ከሰዓት በኋላ ከመስኮቱ ስር ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ባልዲው ጋ ሦስት ሰው ተደራርቦ ተኝቷል፣ ግን ወደዚያ ቦታ እግሩን የዘረጋ የለም። ነፋሱ መጣ። አንገታችን ላይ ሁላችንም ተሰማን፣ ግን የሚናገር ጠፋ። ቀን ሙሉ ጦሙን የዋለው ካቦ ነው በመጨረሻ ጉሮሮውን የጠረገው።

"ነፋሱ ተነሳ" አለ።

ፖሊሱ በማግስቱ ያንኑ የብረት ምሳ ዕቃ ይዞ ገባ። እናትየዋ ልጇ በሌለበት ይዛ መጥታለች። "በሕይወት አለ፣ ሆስፒታል ነው። ይሄ ለእናንተ ነው ብላለች። ቀምሳዋለች" አለን። ዓሣ ነበር። በማንኪያ ጭራ ፈለቀቅነው፤ ሊስትሮው የመጀመሪያውን ጎረሰ። ባዶውን ስንመልስ ግን የሚቀበል አልነበረም፤ ወደ ልጇ ተመልሳ ሄዳለች። ዕቃው እኔ ጋ ቀረ።

ብዙ ሳልቆይ ተፈታሁ። በምን እንደታሰርኩ እንዳልነገሩኝ ሁሉ በምን እንደተፈታሁም አልነገሩኝም። ገላዬን ታጥቤ ሆስፒታል ሄድኩ። ልጁ አልጋ ላይ ነው፣ ከግርጌው አንድ ፖሊስ ወንበር ላይ ያንቀላፋል። እናትየዋ አጠገቡ ናት። እኔ እያለሁ ነው ሐኪሙ የመጣው፣ እሱም ወጣት።

"እማማ" አላት፣ "ልጅሽ ሕፃን እያለ ብዙ ቀን የቆየ ትኩሳት ይዞት ያውቃል? ዓይኑ የቀላበት፣ ከንፈሩ የተሰነጣጠቀበት?"

"ምች ነው" አለች ወዲያው። "ገና ጡት እንደጣለ። ፀሐይ ላይ ይዤው ውዬ ምች መታብኝ። ምላሱ ሳይቀር ቀላ። ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣሁት፣ አሸሁት፣ ዳነ።"

"ከዚያስ በኋላ የጣቶቹ ቆዳ አልተላጠም?"

ሴትዮዋ ደነገጠች። የልጇን እጅ አንስታ ጣቶቹን አየቻቸው፣ አሁንም የሚላጡ ይመስል። "እንደ ሽንኩርት ነው የተላጠው" አለች። "አንተ በምን አወቅህ?"

ሐኪሙ ቁጭ ብሎ አስረዳን። ሃርት አታክ ነው ያገኘው። በዚህ ዕድሜ ብዙ አይታይም፤ ሲታይም ምክንያቱ አንዳንዴ ሌላ ነው። ያ የሕፃናት ሕመም የልብን ደም ሥር የሚያቆስል ነው። የውጭ ስም አለው፤ ሲነግረኝ የሞተር ሳይክል ስም መስሎኝ ነበር። ትኩሳቱ ሲሄድ ደም ሥሩ ላይ ያበጠ ቦታ ጥሎ ይሄዳል። ልጁ ያድጋል፣ ይሮጣል፣ ይቀዝፋል፣ ምንም አይሰማውም። አንድ ቀን እዚያ ያበጠው ላይ ደም ይረጋና መንገዱን ይዘጋዋል። በማሽን ያየው ይህንኑ እንደሚመስል፣ አዲስ አበባ ሌላ ምርመራ እንደሚቀረውም ነገረን።

"ድኖ ነበር እኮ" አለች እናትየዋ።

"ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ ነው የሚሄደው፣ እማማ። ያኔ ብታመጪውም የሚያውቅለት ሰው ማግኘትሽን እንጃ። ጥፋት የለብሽም።"

ራሷን ነቀነቀች። ያመነች አልመሰለኝም። እኔ የራሴን ሆድ ነካ ነካ አደረግሁ። ዕድሜ ልኬን ቅቤውን የጨረስኩት እኔ፣ ልቡ የታመመው እሱ። በንግድ ዓለም እንዲህ ያለ ሒሳብ አይቼ አላውቅም።

ክሱ በኋላ ተረሳ። ልጁ ግን ለምርመራ ከሄደበት ከአዲስ አበባ አልተመለሰም። የረጋ ደም የሚከላከል መድኃኒት ይወስዳል፤ ደሙን እየለኩ መጠኑን የሚያስተካክሉለት አዲስ አበባ ነው። መንጠቆና ቢላዋ አይነካም፣ ከደማ አይቆምለትም፤ መቅዘፍ ተከልክሏል። እዚያው አጎቱ ጋ ሆኖ የመኪና ማቆሚያ ቲኬት ይቆርጣል። እናቱ አሞራ ገደል ናት፤ የመድኃኒቱ ገንዘብ የሚወጣው ከዚያ ድስት ነው።

ምሳ ዕቃውን ልመልስላት አንድ እሑድ ሄድኩ። ሚስቴ ባዶውን አይሆንም ብላ ቆሎ ሞልታበታለች። እናትየዋ ክዳኑን በማንኪያ ፈልቅቃ ቆሎውን ነጠላዋ ላይ ገለበጠችና ዕቃውን መልሳ ሰጠችኝ።

"እትዬ፣ የእርስዎ ነው እኮ" አልኳት።

"አውቃለሁ። አንተ ጋ ይቀመጥ። ሲመጣ በሱ አብላልኝ፤ ከዚያ ባዶውን ላክልኝ።"

አሁን ሱቄ ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ደንበኛ ሲያየው ዋጋውን ይጠይቃል። "ባለቤት አለው" እላለሁ።

ከሰዓት በኋላ አንዳንዴ ሱቄን ዘግቼ ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ፤ አሁን ሱቅ መዝጋት ተምሬያለሁ። እደውልለታለሁ። ስለ ጤናው ስጠይቀው "ደህና ነኝ" ይላልና ቶሎ ብሎ "ጋሼ፣ ነፋሱ ተነሳ?" ይለኛል።

"ተነስቷል" እለዋለሁ። ስልኩን ወደ ውኃው እዘረጋለታለሁ። ጀልባዎቹ ፊታቸውን አዙረው ሲመጡ፣ ሴቶቹ እሳቱን ሲቆሰቁሱ፣ ይሰማው እንደሆን አላውቅም። መልሼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው የምሰማው ትንፋሹን ብቻ ነው፤ ረጅም፣ የተረጋጋ፣ አንዱ ካንዱ ሳይቸኩል። እሱ ሐይቁን እስኪጠግብ፣ እኔ ያንን እያዳመጥኩ እቆማለሁ።